ከባዱ መምቻ

አባቴ ፒክልቦል ይጫወቱ ነበር ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ላሊበላ ውስጥ እኔ እንግዳ በምቀበልበት ሆቴል፣ ጎብኚ ሲጠፋ መኪና ማቆሚያው ባዶውን ቀረ። ለገና በየዓመቱ የምትመጣ አንዲት ጡረታ የወጣች ፈረንጅ አስተማሪ ነበረች፤ እሷ ናት እዚያ ቦታ ላይ በኖራ መስመር አስምራ፣ መረብ ዘርግታ ጨዋታውን ያስተማረችን። ከጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ መምቻ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላትን የፕላስቲክ ኳስ በመረብ ላይ ማመላለስ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ስትሄድ ሁለት አሮጌ መምቻዎች ትታልን ሄደች።

አባቴ ያን ጊዜ ከቤት አይወጡም ነበር። ደም ግፊት ጥሏቸው ተነስተዋል፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በሙጃ በኩል ባለው የትውልድ ቀያቸው የገና ጨዋታ ጎበዝ ተብለው የታወቁ ሰው ነበሩ። ጫፉ የቆለመመ ወይራ ፈልገው ዱላቸውን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ሲመቷት ተመልካቹ ሁሉ ይበተን ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው በግራ እጁ እየጎረሰ፣ ጎረቤት እንዳያየው በር ዘግቶ ይውል ጀመር። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ወደ ሆቴሉ ወሰድኳቸውና አንዱን መምቻ አስያዝኳቸው። የመጀመሪያዋን ኳስ ሳቷት። ሁለተኛዋን አገኟት። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ እሁድ የእኛ ሆነች። ቁምጣ የለበሰ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት አባቴ፣ ጋቢያቸውን ወንበር ላይ ጥለው መረቡ ስር ይቆሙልኛል። ነጥብ ያጭበረብራሉ። እኔም እያየሁ ዝም እላለሁ። ይህ ጨዋታ እስካለ ድረስ አባቴ አይቀሩብኝም የሚል ሐሳብ ልቤ ውስጥ ገባ፤ ሞኝነት መሆኑን ባውቅም ልተወው አልቻልኩም።

ጥቅምት ላይ ሴትዮዋ በስልክ ጻፈችልኝ። ለገና ስመጣ ለአባትሽ አዲስ መምቻ አመጣለሁና ምረጡ ብላ ሁለት ፎቶ ላከች። አንዱ ሳሳ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ጭንቅላቱ የሚከብድ ነው፤ ኳሷን ያስወነጭፋታል። ሌላው ወፈር ያለ ግን ቀላል ነው፤ ኳሷን በፈለጉበት ለማሳረፍ የተሠራ፣ ለክንድም የሚራራ። “እኔ ሁለተኛው ይሻላቸዋል እላለሁ፤ ግን እሳቸውን ጠይቂያቸው” ብላለች።

መካሪ አላስፈለገኝም ነበር። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ክንዳቸው እንደሚዝል፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠበቁ መስለው እንደሚያርፉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ስልኩን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁለቱንም አሳይቼ ሁሉንም በዝርዝር አስረዳኋቸው። ፎቶዎቹን አየት አደረጉና ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ።

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” አሉኝ።

እኛ አገር አባትን ደክመዋል አይባልም። ክፉ ቃል ነው፤ የሞታቸውን ቀን እንደመጥራት ይቆጠራል። ትልቅ ሰው በታመመ ቁጥር ጉልበቱን ማሞገስ ልማዳችን ነው፤ እኔም ያደግሁበትን አደረግሁ።

“ለእርስዎማ ከባዱ ነው እንጂ፣ አባባ! እንደ እርስዎ የሚመታ ማን አለና ነው?”

“እንግዲያ ከባዱ ይሁና” አሉ። “እኔስ መቼ ቀላል ዱላ ይዤ አውቃለሁ?”

መምቻው መጣ፤ ጥቁር፣ የሚያምር ነገር ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ሴትዮዋም የሆቴሉ ሠራተኞችም ተሰብስበው ያዩን ነበር። የመጀመሪያዋን ኳስ አባቴ አጥር አሻግረው ወረወሯት፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋንም መቱ። በአራተኛዋ ክንዳቸው እምቢ አለ፤ መምቻው ወደ መሬት ተንጠለጠለ። ኳሷን ቀስ አድርጌ እግራቸው ስር ላክሁላቸው፤ ቀስ ማለቴንም አወቁብኝ። መምቻውን ወንበር ላይ አኑረው ጋቢያቸውን አነሱ።

“ዛሬስ ፀሐዩ በረታ” አሉ። ሰማዩ ደመና ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ጉልበቴን አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ማኅበር አለብኝ። በአሮጌው እንጫወት ብላቸው፣ “ሴትዮዋ ከዚያ ድረስ ተሸክማ አምጥታ፣ አሮጌውን ይዤ ብታየኝ ምን ትላለች?” አሉ። ከሄደች ወር አልፏታል፤ ከየት ታያቸዋለች? አልተከራከርኳቸውም። ፋሲካን ከእኛ ጋር ዋሉ፤ በሳምንቱ ያ በሽታ ዳግመኛ ጣላቸው፤ አልተነሱም።

የአርባቸው ተዝካር ሲቃረብ ከእናቴ ጋር ስንዴ እንለቅም ነበር። ውስጤ የሚብላላውን ጥያቄ ያን ቀን አወጣሁት፤ ጨዋታውን ጠልተውት ነው ወይ የተውት አልኳት።

“ኧረ ምን ጠሉት፣ ልጄ!” አለች እናቴ። “ያን ፎቶ ያሳየሻቸው ዕለት ነግረውኛል። ‘ቀላሉን ይያዙ እንድትለኝ አፍ አፏን አየሁ’ አሉኝ። ‘ልጅቱ ግን አሁንም ጎበዝ አድርጋ ታየኛለች፤ እንዴት አድርጌ ደከምኩ ልበላት?’ አሉኝ። ልነግርሽ ብል ደግሞ በማርያም አስማሉኝ።”

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ አንስታ ስንዴውን መልቀም ቀጠለች። “አባባ፣ ቀላሉ ይሻልዎታል” ብዬ ቢሆን ኖሮ ከገና እስከ ፋሲካ ያሉት እሁዶች ሁሉ የእኛ ይሆኑ ነበር።