ሽማግሌ የተላከበት ማመልከቻ

ንዴትን ጊዜ ያበርደዋል ይላሉ። የእኔን አላበረደውም። ይህን የምጽፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አሁንም ግን የዚያን ቢሮ ደረጃ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ናይሮቢ የገባሁት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ኢስትሊ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ያለው የእናቴ ወንድም ተቀበለኝ፤ ከምግብ ቤቱ በላይ ካሉት ክፍሎች አንዱን ሰጠኝ፤ ሥራም የፈለገልኝ እሱ ነው። "ጋሼ" ነበር የምለው። ሥራው እዚያው ሰፈር ባለ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ኬንያዊ ሲሆን ዲፕሎማዬን አገላብጦ አየና "ይሄ የዚህ አገር አይደለም" ብሎ ለትንንሾቹ የእጅ ጽሕፈት፣ ለትልልቆቹ ስፖርት መደበኝ። ታሪክ የሚይዘው የሒሳብ አስተማሪው ነበር። በኮሪደሩ ሳልፍ እሰማዋለሁ። መጽሐፉን ለአንዱ ልጅ ይሰጥና "አንብብ" ይለዋል፤ ልጁ ሲያነብ እሱ የሒሳብ ደብተር ያርማል፤ ደወል ሲደወል "እዚህ ጋ ምልክት አድርግ" ይላል። በቃ፣ ታሪክ ተማሩ ማለት ነው። ስንት ጊዜ በሩን በርግጄ ልግባ ብዬ ራሴን እንደያዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለምሥራቅ አፍሪካ የታሪክ መምህራን የተዘጋጀ የሦስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ነው፤ ቦታው ሞምባሳ፣ ጊዜው ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር። የድሮ ሰነድ እንዴት እንደሚነበብ፣ የአዛውንት ትዝታ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ያንን ደግሞ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስተምሩት ያሠለጥናሉ። ወረቀቱን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ቆሞ አነበበውና "እዚህ ከገባሽ የፎርም ቱ ታሪክ ከመስከረም ጀምሮ ያንቺ ነው" አለኝ። ፎርም ቱ የሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመት ነው። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ የራሴ ትምህርት።

ማመልከቻው ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ከተማሪዎቻችሁ ቤት የሚገኝ አንድ ዕቃ ምረጡና እሱን ይዛችሁ ታሪክ እንዴት እንደምታስተምሩ ግለጹ ይላል። እኔ የከሰል ካውያ መረጥኩ። ስፖርት የማስተምራቸው ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ፤ አንዷ ሐበሻ፣ አንዷ ሶማሌ፣ አንዷ ኪኩዩ። የሦስቱም ቤት አንድ ዓይነት የከሰል ካውያ አለ፤ ክዳኑ ላይ ዶሮ የተቀረጸበት ያ ከባድ ብረት። የአንዷን አያቷ በሞያሌ በኩል ተሸክማው መጥታለች፤ የሁለተኛዋ ከሞቃዲሾ በጭነት መኪና መጥቷል፤ የሦስተኛዋ ቅድመ አያት ነጭ ቤት ተቀጥሮ ልብስ ሲተኩስበት ኖሮ ሲያሰናብቱት ይዞት ወጥቷል። እያንዳንዷ የእኛ አገር ዕቃ ነው ብላ ትምላለች። ከዚህ ተነስቼ ስለ ንግድ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ቅኝ ግዛት እንዴት እንደማስተምር ጻፍኩ። ሳይበር በሚሉት የኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ በሁለት ጣቴ ተየብኩት፤ መብራት ጠፍቶ ግማሹ ሲጠፋብኝ ተሳድቤ እንደገና ጀመርኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። አሁን ማፈር ትቻለሁ፤ ጥሩ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። መሃል ከተማ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ሰዎች ጠየቁኝ። ከሦስቱ አንዷ ጉዳዩን የምታስተባብረው ኬንያዊት ነበረች፤ ሁሉም ማዳም ይሏታል። ስለ ካውያው ሳወራ ማስታወሻ መያዟን ትታ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም።

ማታ ጋሼ ራት ላይ ጠየቀኝ።

"ለመሆኑ እዚያ ቢሮ የምታውቂው ሰው አለ?"

"የለም ጋሼ።"

"የሚያውቃቸው ሰውስ?"

"አያስፈልግም። በጽሑፉና በቃለ መጠይቁ ነው የሚመርጡት።"

ጎረሰና ሳቀ። "አዬ የኔ ልጅ! እንዲያው ብቻሽን?"

"ይጸልዩልኝ ብቻ" አልኩት።

"እሱንማ ለአባም ነግሬያቸዋለሁ" አለኝ። አባ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ናቸው። ለጸሎት መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከሳምንት በኋላ ማዳም ደወለችና ቢሮ ድረስ እንድመጣ ነገረችኝ። ድምጿ የምሥራች ድምፅ አልነበረም። ስገባ ወንበር ሳበችልኝ፤ በሩን ዘጋችው።

"ፖሌ ሳና፣ ሙዋሊሙ" አለች። በጣም አዝናለሁ፣ መምህርት፣ ማለቷ ነው። ቀጥላም "ሽማግሌዎቹን አንቺ ነሽ የላክሻቸው?" አለችኝ።

"የምን ሽማግሌዎች?"

ነገረችኝ። ማክሰኞ ጠዋት፣ መራጮቹ ስብሰባ ላይ እያሉ፣ ሦስት አዛውንት መጡ። አንዱ ጥምጣም አድርገው መስቀል ይዘዋል። አንዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሦስተኛው ሙሉ ልብስ ለብሷል። ተቀመጡ ሲባሉ "እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም" አሉ። ወንበር ቀረበ፤ አልተቀመጡም። ሻይ መጣ፤ አልነኩም። ከውጭ አገር የመጣው መራጭ የተቃውሞ ሰልፍ መስሎት ዘበኛ ጠራ፤ ዘበኛው መስቀሉን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ እሱም አብሮ ቆመ።

እኛ አገር ይህ ክብር ነው። ልጅ ለመዳርም፣ የተጣላ ለማስታረቅም፣ ከአለቃ ምሕረት ለመለመንም ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌም ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እሱንማ አውቃለሁ። ግን ኬንያ ውስጥ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ፣ የጽዳት ሥራም ቢሆን፣ መጨረሻው ላይ "አማላጅ የላከ ይሰረዛል" የምትል መስመር አለችው። የእኛም ማመልከቻ ላይ ነበረች። አንብቤያት ነበር፤ ጉቦ ለሚሰጡት የተጻፈች መስሎኝ አለፍኳት።

"አልላክኋቸውም" አልኩ።

"አምንሻለሁ። ደንቡ ግን ማን ላካቸው ብሎ አይጠይቅም። የውጭ አገሩ ሰውዬም ጉዳዩን ሪፖርት አድርጎታል።" ከዚያ ሳልጠይቃት "ፋይልሽ ከላይ ነበር" አለችኝ። "የካውያውን ነገር ለእናቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ።"

ያንን ባትነግረኝ ምን ነበረበት? ከታች ነበርሽ ብትለኝ ኖሮ አልቅሼ እወጣ ነበር፤ በቃ። ይህን እያሰብኩ ሳለ ስልኳ ጮኸ። አነሳችው። በስዋሂሊ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት፣ "እሺ ምሄሺሚዋ፣ ስሟን አይቼዋለሁ፣ አያስቡ" አለች። ምሄሺሚዋ የሚሉት ባለሥልጣንን ነው፤ ክቡር እንደማለት። ኢስትሊ ገበያ በስዋሂሊ እየተከራከርኩ ነው የምውለው፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ስልኩን ስትዘጋ ዓይን ለዓይን ተያየን። መስማቴን አወቀች። እስክሪብቶዋን አነሳች፣ አስቀመጠች።

"እሷስ ትሰረዛለች?" አልኳት።

ፋይሌን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

የእኔዎቹ በፊት ለፊት በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘበኛው መዝገብ ላይ ስማቸውን አስጽፈው ገቡ። አማላጅ መሆናቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ያኛው በስልክ ገብቶ በስልክ ወጣ፤ መዝገብም አልነካው። ደንብ የሚይዘው የሚታየውን ብቻ ከሆነ ደንቡ የተጻፈው ለእኛ ነው ማለት ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ለመናገር ሞከርኩ፤ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ይጠፋል። በአማርኛ ተናግሬ ወጣሁ። ምን እንዳልኩ ባታውቅ ይሻላል።

ማታቱ፣ የዚያ አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ አልያዝኩም፤ እስከ ኢስትሊ በእግሬ ሄድኩ። ንዴቴ መንገድ ላይ ይበርዳል ብዬ ነበር፤ ይባስ ተቀጣጠለ። ምግብ ቤቱ የምሳ ሰዓት ስለነበር ጢም ብሏል። ጋሼ ካሸሩ ጋ ቆሟል። አንቱ እያልኩ የኖርኩትን ሰውዬ፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ማን ላከህ? ማን ሂድልኝ አለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ሹካ የያዘው ሹካውን አስቀመጠ፤ የጎረሰው ማኘኩን ተወ። ጋሼ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሰው እንዳለሽ ይወቁ ብዬ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "እናትሽ አደራ ብላኛለች። ሰው አልባ መስለሻቸው እንዳይጥሉሽ ብዬ ነው።"

"ጥለውኛል! በአንተ ምክንያት ጥለውኛል!"

ወደ ክፍሌ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቤቱን አልረገጥኩም፤ በኋላ ደረጃ ነበር የምወጣና የምገባው። ርዕሰ መምህሩ የፎርም ቱን ታሪክ ለዚያው ለሒሳብ አስተማሪ መደበው። "ፖሌ" አለኝ እሱም፣ እየቸኮለ። በዚያ ከተማ ፖሌ የማይለኝ ሰው ጠፋ።

በሁለተኛው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አባ ከነመስቀላቸው፣ አጠገባቸው አቦይ። አቦይ አረጋዊ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛውን አዲስ አበባ ሹፌር ሆነው ሲኖሩ ለምደውት ዛሬም ከእኛ አሳምረው ይናገሩታል። ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል ብዙ ዘመን ስለሠሩ እንግሊዝኛውንም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው እዚያ ቢሮ አፍ የሆኑት። ከኋላቸው ጋሼ አንገቱን ደፍቷል። እኔና እሱን ሊያስታርቁ መጡ። ያሰረዙኝ ሦስቱ ሰዎች፣ በዚያው አለባበስ፣ አሁን ደግሞ እኔ ጋ!

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አልኩ።

"እሺ ካላልሽን አንቀመጥም" አሉ አባ።

ክፍሌ ጠባብ ነች፤ አልጋና አንድ ወንበር ነው ያለኝ። ሦስቱም ግድግዳውን ተደግፈው ሳይሆን ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉልበታቸው የሚያማቸው አቦይ ሳይቀሩ። የውጭ አገሩ ሰውዬ ለምን እንደደነገጠ ገባኝ። ይህን አቋቋም ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ መቻል ከባድ ነው። ደሜ ፈላ።

"እሺ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ" አልኩ። "እዚያ ቢሮ ስለ እኔ ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው?"

አቦይ ነቃ አሉ፤ የሠሩት ሥራ የተጠየቁ ሰው ሆኑ። "ያላልነው የለም ልጄ! አባቷ ሞቶባታል አልን። ባልም የላት፣ ልጅም የላት፣ በሰው አገር ስደተኛ ናት አልን። ጨዋ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፣ አንገቷን የደፋች ናት አልን። አባ መስቀላቸውን አነሱ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ እዘኑላት አልን።"

"ታሪክ አስተማሪ ናት አላችሁ?"

አቦይ ወደ አባ አዩ። አባ ወደ ጋሼ አዩ።

"ጎበዝ አስተማሪ ናት፣ ጽሑፏ ጥሩ ነው፣ ሥራዋን ታውቃለች ያለ አለ?"

"እሱንማ እነሱ ያውቁት የለ እንዴ!" አለ ጋሼ ተገርሞ። "እኛ እሱን ብለን ምን ልንጨምርልሽ ነው?"

የጮህኩበት ቀን እንኳ እንዲህ አላመመኝም። ሦስት ሰዎች ጉልበታቸው እስኪዝል ስለ እኔ ቆመው፣ ስለ እኔ ያወሩት ስለጎደለኝ ብቻ ነው። አባት፣ ባል፣ ልጅ፣ አገር። ያለኝን ያነሳ የለም። ያንን የሚያህል ፍቅር እንዲህ አድርጎ ሊያዋርደኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ደግሞ ፍቅር ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ንዴቴን የማደርስበት ቦታ አገኝ ነበር።

"በይ ልጄ፣ ስለ እመብርሃን" አሉ አባ።

የአቦይ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽማግሌ አቁሞ እምቢ አይባልም፤ ያደግሁት እንደዚህ ነው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩና ተነስቼ የጋሼን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ። ጋሼ ሳልደርስ አነሳኝ፤ አገላብጦ ሳመኝ፤ ጉንጩ በእንባ ርሷል። አባ መረቁን። ከዚያ አቦይ እያቃሰቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ አባና ጋሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ። ቤቱ ሰላም ሆነ። ጋሼ በመሃረብ ዓይኑን ጠራረገና ፊቱ በራ።

"በሚመጣው ዓመት ደግሞ ብቻ ሳትቆጪኝ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ" አለ። "ዘንድሮ ሦስት ሆነን አነስን። በሚመጣው ዓመት እግዜር ቢያደርሰን፣ ደህና ሰዎች ጨምሬ ሰባት ሆነን እንሄድልሻለን።"

"አሜን" አሉ አባ።

"አሜን" አሉ አቦይ።

ሦስቱም ወደ እኔ አዩ። አሜን አላልኩም።