ለአረፋ የጸዳው ሰርቨር

ሸረፋን ቡታጅራ ውስጥ የማያውቀው የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ንጹሕ ሰው ነው፤ እንዲያውም ንጽሕናው በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ቢሮው በር ላይ ጫማህን ሳታራግፍ ብትገባ በዓይኑ ይቆነጥጥሃል። ሚስቱ ከድጄ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም ጠርጎ ያወጣኛል» እያለች ትስቅበት ነበር። ዘንድሮ ያንን ቀልድ ትታዋለች።

የሸረፋ ቢሮ የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ የከፈታት አንዲት ክፍል ናት። ልጁን ያልሸኘ ቤት የለማ! አንዱ ጅዳ ነው፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው አላህ ብቻ። እናቶች የልጆቻቸውን ድምፅ የሚሰሙበት መላ ሲጠፋ፣ ሸረፋ ሰርቨር በሚሉት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የድምፅ መልእክት የሚቀበል ፕሮግራም ጫነ። ልጆቹ ካሉበት ሆነው ይደውላሉ፣ የቤታቸውን ቁጥር ይጫናሉ፣ ይናገራሉ። ቤተሰብ ደግሞ ገበያ ሲወጣ ጎራ ብሎ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል።

እማማ ዘይባ በየጁምዓው ይመጡ ነበር። ልጃቸው ናጃህ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ደውሎ የተናገራት አንዲት መልእክት አለች፦ «እማ፣ ደህና ነኝ። ዛሬ ጀልባ እንሳፈራለን። ዱዓ አድርጊልኝ። ጥጃዋን እንዳትሸጫት፤ ስመጣ ላም ሆና ላግኛት።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የናጃህ ደብዛው ጠፋ። እናትየው ግን ይቺኑ እየሰሙ፣ «ድገምልኝ» እያሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይወጣሉ።

ለምን ወደ ስልካቸው አልገለበጠላቸውም ትሉኝ ይሆናል። አንዴ ጠይቀውት ነበር እኮ! «እማማ፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ሚሞሪ ይጠፋል፤ እዚህ እኔ ጋ ነው የሚሻለው» አላቸው። አመኑት።

ነገሩ ከየት እንደተበላሸ እንዲገባችሁ ስለ ሰርቨሩ ትንሽ ልበል። የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል፣ በነጻ በሚታደል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። በሊኑክስ አገር ፕሮግራም የሚጽፉት ሌሎች፣ አሽገው የሚያከፋፍሉት ሌሎች ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሥራቸውን ለማንም በነጻ ይለቃሉ። አሻጊዎቹ ያንን ወስደው ይፈትሹታል፣ ቀዳዳውን ይደፍናሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ቤት ሥርዓት ያስይዙታል፦ ይሄ ፋይል እዚህ ይቀመጥ፣ ያ ወዲያ ይሂድ። የአገና ገበያ ቆጮ በሉት። የሚያዘጋጁት የመንደር ሴቶች ናቸው፤ ነጋዴዋ ግን በራሷ መጠን ከፋፍላ፣ በራሷ ኮባ ጠቅልላ ነው ገበያ የምታወጣው። ቆጮው ያው ነው፣ አጠቃለሉ የእሷ ነው።

ሸረፋ የጫነው የአሻጊዎቹን ሆኖ ሳለ የሚያነበው መመሪያ የጸሐፊዎቹ ነበር። «ምንጩ እያለ ከእንስራ የሚጠጣ ማን ነው?» ይላል ደግሞ በኩራት። መመሪያው «መልእክቶች በዚህ ፎልደር ይቀመጣሉ» ስላለው፣ ያንኑ ፎልደር ለመጠባበቂያ እያለ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጥ ነበር። አሻጊዎቹ ግን መልእክቶቹን ሌላ ቦታ አስቀምጠዋቸዋል። ፎልደሩ ባዶ ቢሆን ይነቃ ነበር፤ ጉዱ ባዶ አለመሆኑ ነው። ማሽኑ ራሱ የሚናገራቸው «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ቁጥር ይጫኑ» የሚሉ ድምፆች ሞልተውታል። ከፍቶ አንዱን እንኳ አላዳመጠም፤ ምነው ባዳመጠ!

ታዲያ አሻጊዎቹ ፕሮግራሙን የሚንከባከብላቸው ሰው አጡና ከአዲሱ እትማቸው አወጡት። ሸረፋም አሮጌውን አንስቶ ከጸሐፊዎቹ በቀጥታ ሊጭን ቆረጠ። መቼ? አረፋ ደፍ ላይ ቆሞ! የቡታጅራና የመስቃን ሰው ለአረፋ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳ ይለሰናል፣ ዕቃ ወጥቶ ይታጠባል፣ አሮጌው ሁሉ ይጣላል። ሸረፋ ቢሮዋን ቀባ፣ ሽቦውን አበጠረ፣ ወለሉን ወለወለ፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረ።

የታሸገን ፕሮግራም ለማንሳት ሁለት ትእዛዝ አለ። «ሪሙቭ» ስትለው ፕሮግራሙን ብቻ ያወጣል። «ፐርጅ» ስትለው ግን አሻጊው የእሱ ነው ያለውን ሁሉ፣ የተጠራቀመውን ጭምር፣ ጠራርጎ ሊያጠፋው ይችላል። ሸረፋ «ለአረፋ ግማሽ ጽዳት የለም» አለና ፐርጅ አለው። ማሽኑ እንኳ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠይቆታል። እያፏጨ «አዎ» አለ።

አዲሱን ጭኖ ሲጨርስ ለሙከራ የእማማ ዘይባን ቁጥር ነካ። «ምንም መልእክት የለም» አለው። የሌላ ቤት ቁጥር ነካ፤ የለም። ሌላም፤ የለም። መጠባበቂያውን ዲስክ ሰክቶ አንዱን ፋይል ከፈተ፣ «እንኳን ደህና መጡ!» አለው የገዛ ማሽኑ። «ያ ረቢ!» ብሎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ስንቷን እናት ምን ሊላት ነው? ከሁሉም ከሁሉም ግን እማማ ዘይባ ነበሩ ፊቱ ላይ የተደቀኑት። ሌሎቹ ልጆች ነገ ይደውላሉ፤ ናጃህ አይደውልም።

ወልቂጤ ኮምፒውተር የሚጠግን ይትባረክ የሚባል ጎንደሬ ወዳጅ አለው፤ ደወለለት።

«ፐርጅ?» አለ ይትባረክ። «አንተ ሰው ምን ነካህ? ከዚያስ በላዩ ሌላ ነገር ጫንክ?»

«ጫንኩ።»

«የጠፋ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ አለ። አንተ ጽፈህበታል። በል ማሽኑን አጥፋና ዲስኩን ይዘህ ና፤ የተረፈ ካለ እናያለን።»

በማግስቱ፣ የአረፋ ዋዜማ፣ በአገና በኩል በሚኒባስ ወጣ። አገር ምድሩ ለበዓል ወደ ቤቱ ሲገባ እሱ ዲስክ በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ ይሄዳል። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ዱዓ እንዳለ ነበር። ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ዲስኩን እቅፍ ያደርጋል።

ይትባረክ ዲስኩን በፕሮግራም አስፈተሸው። የወጣው ሁሉ ድርቅ ያለ ጩኸትና የድምፅ ስብርባሪ ነበር። ሊተዉት ሲሉ አንዲት ቁራጭ ተገኘች፤ የወጣት ልጅ ድምፅ፣ «እማ፣ ደህና…» ትልና ትቆረጣለች።

«ናጃህ ነው!» ብሎ ሸረፋ ከወንበሩ ተነሣ።

«በምን አወቅክ?»

ሸረፋ ቁራጯን ደግሞ ከፈታት። ድምፁ የቀጠነ መሰለው፤ ግን ጆሮውን ዝም በል አለው። ናጃህ ሊሆንም ይችላል እኮ!

«እማ የማይል ልጅ የለም» አለ ይትባረክ። «ካልሆነስ? ተው፣ እንዳታደርገው።»

«ምን ልበላቸው ታዲያ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ልበላቸው?» ሸረፋ ጮኸበት። ይትባረክ ቁራጯን በፍላሽ ገልብጦ ከዲስኩ ጋር ሰጠው።

ቡታጅራ ሲመለስ እማማ ዘይባ አዲስ ሻርፓቸውን ለብሰው ቢሮው በር ላይ ቆመዋል። ለነገው ብለው ቅቤ በቅል ይዘውለት መጥተዋል።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ። ናጃህን ሳልሰማ አረፋ አይደርስልኝም ብዬ ነው።»

«አብሮ ያድርሰን እማማ። ግቡ።» ማዳመጫውን አጠለቀላቸው። «ማሽኑ ትንሽ ታሟል። ያጥርብዎታል።»

ቁራጯን ከፈተላቸው። እማማ ዘይባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገምልኝ» አሉ። ደገመላቸው። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና አዩት።

«ይሄ የእኔ ልጅ አይደለም፣ ሸረፋ። ናጃህ የታለ?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር። «አጠፋሁት እማማ። ለአረፋ ብዬ ሳጸዳ እኔው በእጄ አጠፋሁት።»

ቢጮሁበት ደስ ባለው። ቢረግሙት፣ ቅሉን ቢወረውሩበት። እሳቸው ግን ማዳመጫውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄኛውን እንዳታጠፋው። እናቱን ፈልግና ስጣት።»

ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ መቃኑን ያዙ።

«ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ተቀመጪ ሲለኝ፣ ልጄ ሸረፋ ጋ እየተናገረ ለማን ነው የማለቅሰው እል ነበር» አሉ። «በዓሉ ይለፍና እቀመጣለሁ። አንተም ድረስልኝ።»