ሺ ኢዝ ማይ ዶተር

ሲፒኤ የሚሉትን የሂሳብ አዋቂነት ፈተና ያለፍኩ ዕለት ያልነገርኩት ሰው ቢኖር የሲልቨር ስፕሪንግ አውቶቡስ ሾፌር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በስልክ ስጮህ ሰምቷል። እዚህ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ውስጥ ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪገባ እያነበብኩ ነው ያለፍኩት። ቆይቶ የመንግሥት ግብር መሥሪያ ቤት በኦዲተርነት ሲቀጥረኝ እናቴ ከአዲስ አበባ እልልታዋን በስልክ አቀለጠችው። እዚህ ያለው የሰፈሬ ሐበሻ ግን ደስታውን በልኩ አደረገ። «ታክስ ቤት ገባች» ተባለና ሰላምታው ቀጠን አለ። አንድ ሠርግ ላይ ገና ወንበር ስቤ ስቀመጥ ስለ ሥራቸው ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀመሩ። እኛ ስለ አየር ጠባይ የምናወራው ሌላ ወሬ ሁሉ ሲከለከል ነው።

የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ነበረብኝ። በዚያ ዓመት «አልሆንሽንም» ብለው ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ፤ ፓርኪንጉም ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። ስለዚህ በዕድሜዬ እንደዚያ ዓመት ጨዋ ሆኜ አላውቅም። ከሕጎቹ ሁሉ ከአሠልጣኜ አፍ የማይለየው የዝምድናው ሕግ ነበር። ዘመድሽን፣ ጓደኛሽን፣ ጎረቤትሽን ኦዲት አታደርጊም፤ ካወቅሽው አስቀድመሽ ትናገሪያለሽ፤ ደብቀሽ ከተገኘሽ ግን ነገ መምጣት የለም። አሠልጣኜ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የምትቆጥብ አሜሪካዊት ነበረች። ፈገግ ብላ እንኳ ደረሰኝ የምትጠይቅ ይመስለኝ ነበር።

ከቢሮ አብረን የወጣንበት የመጀመሪያ ሥራ አርሊንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ የባልትና ሱቅ ሆነ። ፋይሉ ላይ ስማቸውን ሳየው ባለቤቱ ሐበሻ እንደሆኑ ገባኝ። የአገሬ ሰው ቢሆኑም አይቻቸው እንደማላውቅ ለአሠልጣኜ ነገርኳት። «አገር አንድ መሆን ዝምድና አይደለም» አለችና ሄድን።

ባለሱቁ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ። ማን እንደሆንን ነግረናቸው ወረቀታችንን ካሳየናቸው በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አገርሽ የት ነው?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ አደገኛ መሆኑን በሥልጠናው ላይ ማንም አልነገረኝም።

«ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ አባቴ ግን የደሴ ሰው ነው» አልኳቸው።

«ደሴ!» አሉና ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። «በቃ፣ አለቀ!» ከዚያ ለአሠልጣኜ በኩራት፣ «ሺ ኢዝ ማይ ዶተር!» አሏት።

አሠልጣኜ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ልጃቸው ነሽ?» አለችኝ።

«ኧረ አይደለሁም! እኛ ጋ ትልቅ ሰው ታናሹን ሁሉ ልጄ ይላል።»

ሽማግሌው ቅር አላቸው። ልጅነቴ ካልተዋጠላት ብለው ይመስለኛል ማስረጃ ጨመሩ፤ «ሐር ፋዘር፣ ማይ ብራዘር!»

አይተውት የማያውቁት አባቴ እዚያው ቆሜ ወንድማቸው ሆነ። ሥራዬ በአንዲት ደሴ ሊሄድ ነው። ሌላ መላ ስላጣሁ ከአንገቴ ላይ መስቀሌን አውጥቼ ለአሠልጣኜ አሳየኋት። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ በምን ልንዛመድ እንችላለን?» ክርክሬ የሠራ መሰለኝ፤ ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሁሉ አይቻለሁ።

ሽማግሌው ግን ከሚናገሩት እንግሊዝኛ የሚሰሙት ይበልጣል። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ!» እያሉ ከባንኮኒው ጀርባ ወጡ። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ቤት እንደሚያድር፣ የገዛ እናታቸው አባት ክርስቲያን እንደነበሩ፣ ለሠርግ ሁለት ዓይነት ሥጋ እንደሚታረድ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዷት። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ የወሎ ሰው ልጅ ሆኜ ይህን መካድ አልችልም። አሠልጣኜ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቅሽ» አለችኝ። «እኚህን ሰው ታውቂያቸዋለሽ?»

ሽማግሌው ፈገግ እንዳሉ ያዩኛል። የምለውን እርግጠኛ ነበሩ።

«አላውቀውም» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ምኔም አይደለም።»

በአማርኛ ቢሆን ከአፌ አይወጣም ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው ፊት ቆሜ፣ ስለ አንድ ውርጋጥ እንደማወራ እሱ ብዬ ካድኳቸው። ፈገግታቸው ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት። «ኦኬ» አሉና ደረሰኞቻቸውን የያዘውን ካርቶን ሊያመጡ ጓዳ ገቡ።

አሠልጣኜ መልሴን መዘገበች፤ እኔም ከሥራው ሳልነሳ ቀረሁ። ምርመራው የረባ ነገር አልተገኘበትም፤ የጎደለው ተስተካክሎ ተዘጋ። ሽማግሌው ግን እስክንጨርስ ድረስ አንድም የአማርኛ ቃል አልተነፈሱልኝም። ሲጠሩኝ «ማዳም» ነበር የሚሉኝ። ማዳም መባል እንደዚያን ጊዜ ከብዶኝ አያውቅም።

የሙከራ ዓመቴን ጨረስኩ። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ልላቸው አሰብኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። በርበሬዬን እንኳ ፎልስ ቸርች ድረስ እየሄድኩ መግዛት ጀመርኩ፤ በርበሬው የማይረባ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ራሴ አሠልጣኝ ሆኜ፣ ከአንዲት አዲስ ሠራተኛ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምሳ በልተን ስንወጣ ነጩን ኮፍያ ከሩቅ አየሁት። ሽማግሌው ከዘራ ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። የመንገዱን ማዶ ተመለከትኩ፤ መሻገሪያ የለውም። እሳቸውም አዩኝ። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አዩ፤ አጠገቤ ያለችውን ፈረንጅ አዩ። ቀጥ ብለው ቆሙና መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ «አይ ዶንት ኖው ሐር!» ብለው ለልጅቷ አወጁ።

ማንም አልጠየቃቸውም። ልጅቷ ግራ ገብቷት አፏን ከፈተች። ሽማግሌው በአጠገቤ ሲያልፉ ከዘራቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«ሰላም በይልኝ» ብለው ሄዱ።

ልጅቷ ከኋላቸው እያየች፣ «ታውቂያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«አጎቴ ናቸው» አልኳት። በእንግሊዝኛ ስለተናገርኩ አንቱታው አልተሰማትም፤ እኔ ግን አንቱ ብያቸዋለሁ።