አጎቴን በእግራቸው እንዲሄዱ የሚተዋቸው ሰው ጠፋ

ዛሬም አጎቴን ጋሽ በራሶን ዓይኔ እያየ በጭነት መኪና ወደ ቤታቸው መለሷቸው።

የእግራቸው ደም ሥር ጠቧል። ሐኪሙ ያዘዘላቸው መራመድ ነው፤ ባታቸውን እስኪያማቸው መሄድ፣ ሕመሙ እስኪለቃቸው መቆም፣ ከዚያ እንደገና መሄድ። ካልተራመዱ እግራቸው ሊቆረጥ እንደሚችል ለእኔ ለብቻዬ ነግሮኛል።

ታዲያ ዲላ ውስጥ መንገድ ዳር የቆመ ሽማግሌ አይቶ ማን ያልፋል? ትናንት አንዱ በበቅሎው ወሰዳቸው። ዛሬ ደግሞ ከይርጋጨፌ ቡና የጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አጠገባቸው ቆመ።

“ተው ልጄ፣ በእግር ሂድ ተብዬ ነው” አሉት ሾፌሩን።

“አባባ፣ ሂዱ ያለዎት ሐኪም ራሱ በመኪና አይደል የሚሄደው?” አለና ከረዳቱ ጋር ብድግ አድርጎ ጋቢና አስገባቸው።

ብለምነው፣ “አንቺ ደግሞ ምን ዓይነት ዘመድ ነሽ?” አለኝ። መንገደኛው ሁሉ ከእሱ ወገን ሆነ። (እኔ ገደብ ከተማ ለመሄድ ግማሽ ቀን መኪና ስጠብቅ ይህ ሁሉ ደግ ሰው የት ነበር?)

ተከትዬ ቤታቸው ስደርስ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጣታቸውን ብነካው በረዶ ነው።

“ነገ ደግሞ ማን ይወስደኝ ይሆን?” አሉኝ።

እኔ መላው ጠፍቶኛል። እናንተስ ዘንድ ሕክምናው በደግ ሰው ብዛት የተበላሸበት በሽተኛ አለ? ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ።