ብርቱካን ብርቱካን የሚለው ናና

ዛሬም ጠዋት ሸተተኝ። ከዶሮዎቹ ቤት በስተጀርባ ሽንኩርት ልነቅል ጎንበስ እንዳልኩ፣ የብርቱካን ልጣጭ በጥፍር ሲቧጠጥ የሚወጣው ዓይነት ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጥቶ ቆመ። ቀና ብዬ ዞር ዞር አልኩ። በግቢዬ ብርቱካን የለም፤ በጎረቤትም የለም። ያለው ናና ብቻ ነው፤ እሱም ተራ የሻይ ናና። አንድ ቅጠል ቀጥፌ በመዳፌ አሸት አሸት አድርጌ አሸተትኩት፤ ምንም። ልጆቼ እናታችን ጃጀች ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ሽታው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

አዳማ ያኔ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጥቂት የቆርቆሮና የሣር ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ነፋስ ነበረች። ጣሊያን ገና አልመጣም። እኔ የዘጠኝ ወይ የአሥር ዓመት ልጅ ብሆን ነው። አባቴ የጣቢያው ዘበኛ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ከቡልጋ ቋጥራ ባመጣችው ዘር ጎመንና ቃሪያ ታበቅል ነበር። አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጥ የየመን ዓረብ ሲሆን፣ ሚስቱ የሐረር ልጅ ነበረች።

እኛ ክርስቲያን እነሱ እስላም፣ ሥጋ አንቀማመስም ነበር። ቅጠል ግን ሃይማኖት የለውም ትል ነበር እናቴ። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ጎመን ወዲያ ሲሄድ ናና ወዲህ ይመጣል። የሐረሯ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተኒ» ብላ በኦሮምኛ ትጀምርና ወሬውን በአማርኛ ትጨርሰዋለች። ልጅ አልነበራትም፤ የሚበዛውን ቀን እኔ እሷ ጓሮ ነበርኩ።

ናናዎቿን ያስቀመጠችው ለሁለት በተቆረጡ የላምባ ጣሳዎች፣ በአራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ነበር። አንደኛው የሻይ ነው። ሁለተኛው ሎሚ ሎሚ ይላል። ሦስተኛው ቅጠሉ ጠጉራም፣ ሲያኝኩት ጉሮሮ የሚያቀዘቅዝ። በባቡር የሚያልፍ መንገደኛ አዲስ ዓይነት ይዞ ከመጣ ሦስት ቅርንጫፍ ትቀበልና ትተክላለች፤ ሲጸድቁ አሽታ አሽታ አንዱን ታስቀርና ሁለቱን ለፍየል ትጥላለች። ለእኔም ዓይኔን አስጨፍና ቅጠል አፍንጫዬ ላይ ታሽልኛለች፤ ከሳትኩ በጣቷ ግንባሬን ኩርኩም ታደርገኛለች።

አራተኛው ግንዱ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ትንሽ፣ ዓይን የማይገባ ነበር። ብርቱካን ብርቱካን ይላል ትለኝ ነበር። ብርቱካን የሚባል ፍሬ አይቼ ስለማላውቅ አመንኳት። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን ብርቱካን ስልጥ ፍሬው ሽታውን ከቅጠሉ የሰረቀ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ናናው ሐረር እናቷ ጓሮ የበቀለ ነበር፤ ሙሽራ ሆና ስትወጣ እናቷ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በብብቷ አስይዛታለች።

ውሃ በአህያ ከሩቅ የሚመጣ፣ በጣሳ የሚቆጠብ ነገር ነበር። እሷ ግን መላ ነበራት። ለሶላት ስትታጠብ ጣሳዎቹ ላይ ጎንበስ ብላ ነው፤ የእጇም የፊቷም የእግሯም ውሃ እዚያው ይወርዳል። በቀን አምስት ጊዜ፣ ለየጣሳው አንድ አንድ፣ ለብርቱካኑ ሁለት። አበባ ሊያወጣ ጫፉ ላይ ጉብ ያለውን ሁሉ በጥፍሯ ትቆነጥረዋለች፤ አበባ ካወጣ ሽታው አበባውን ተከትሎ ይሄዳል ባይ ናት።

አንድ ቀን ከሐረር እናትሽ ታማለች የሚል መልእክት መጣ። በማግስቱ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት አራቱን ጣሳ በአጥሩ ላይ አሻገረችልን። ሦስቱን እንዲሁ አቀበለችን። አራተኛውን ስትሰጠኝ ግን እጄን ከጣሳው ጋር ያዘችው።

«እነዚያ ቢደርቁ ይድረቁ። ይሄ ግን የእናቴ ጓሮ ነው፤ አደራ። አበባ እንዳታስወጪበት።»

አደራውን እንዴት እንደጠበቅሁ ብትሰሙ ትስቁ ነበር። ሶላቱ እንዳይጓደል ብዬ በቀን አምስት ጊዜ ፊቴንና እግሬን ጣሳዎቹ ላይ እታጠብ ጀመር። እናቴ ልጄ ሃይማኖቷን ልትለውጥ ነው ብላ ደንግጣ ለአባቴ ነገረችው፤ እሱ ንጽሕና አይጠላም ብሎ ሳቀ።

ሁለት ወር ሄደ፤ ሦስተኛው ገባ። ሴትዮዋ ቀረች። በዚያ መሐል አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ስትመለስ አንድ ጣሳ ሳይሆን አንድ መደብ ሙሉ ላሳያት። እኛ ቤት የሚበቅል ነገር ሁሉ በዘር ነው፤ ዘር ደግሞ ከአበባ ነው የሚገኘው። እናቴን ዘር እናቱን ይመስላል ወይ ብዬ ብጠይቃት «ዘር ከልጓም ይስባል» አለችኝ። ጎመን ለምታበቅል ሴት እውነት ነበር።

እንዲያብብ ተውኩት። ንቦች ከአራቱም ጣሳ ላይ ሲመላለሱ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ደስ አለኝ። አበባው ደርቆ ዘሩን በመዳፌ ካራገፍኩ በኋላ አሮጌው ግንድ ቅጠሉ ረግፎ፣ የአዳማ ነፋስ መትቶት እንጨት መስሎ ቀረ። ሞቷል ብዬ ለችግኞቼ ቦታ እንዲለቅ ነቀልኩት። ሥሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ወጣ። ነጭ ነበር፤ እርጥብ ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼው እያለ ከአጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ጣልኩት። ስንት ሌሊት ያ ነጭ ሥር በሕልሜ መጥቷል መሰላችሁ።

ችግኞቹ በቀሉ፤ ለመለሙ። አንዱን ቀጥፌ አሸተትኩ። የሻይ ናና። ሌላውን፤ የሻይ ናና። ሁሉንም አንድ በአንድ አሸተትኩ፤ እጄ አረንጓዴ እስኪሆን። ንቦቹ የአራቱን ጣሳ አበባ ደባልቀውት ኖሯል። ወደ አጥሩ ሮጥኩ፤ የጣልኩት ሥር በሰባራ ጭራሮ መሐል ደርቆ ተሰባብሮ ነበር። ለእናቴም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ከችግኞቹ ደህናውን መርጬ አራተኛው ጣሳ ውስጥ ተከልኩት።

ሴትዮዋ በስድስተኛው ወር መጣች። ከስታለች። እናቷ የሞተችው እሷ ሳትደርስ ነበር። ወንድሞቿ ቤቱን ሸጠውታል፤ ገዥው ጓሮውን ጠርጎ የበቅሎ በረት ሠርቶበታል። ይህን ለእናቴ ስትነግራት በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ተነስታ ወደ ጣሳዎቹ ሄደች። ከአራተኛው አንድ ቅጠል ቀጠፈች፣ አሸችው፣ ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። የባቡሩ ጩኸት ተሰምቶ እስኪጠፋ ድረስ አልገለጠችም።

«እሱ ነው» አለች። «ደህና አድርገሽ ጠብቀሽልኛል።»

ሐዘን አፍንጫ ይዘጋል ብዬ አመንኩ። ማመን ፈለግሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ዓይንሽን ጨፍኚ ብላኝ አታውቅም። ጣሳውን እንደ ድሮው ታጠጣዋለች፣ ጫፉን ትቆነጥራለች፤ እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ልንገራት አልንገራት እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ።

ባሏ ሱቁን ወደ ድሬዳዋ ሊያዛውር ዕቃቸው ተጫነ። አቡጀዲው፣ ሚዛኑ፣ ሦስት የናና ጣሳ። ባዶ ጓሯቸው ውስጥ ስገባ አራተኛው ድንጋዩ ላይ ቆሟል። አቅፌው ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። በመስኮቱ ሥር ቆሜ እያለከለክሁ፣ «እትዬ፣ ይሄን ረስተዋል» አልኩ።

ጎንበስ ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በመስኮቱ እጇን ሰዳ እንደ ድሮው ግንባሬን በጣቷ ኩርኩም አደረገችኝ፤ በጣም ቀስ ብላ።

«አልረሳሁትም» አለች። «እሱ ያንቺ ነው።»

ባቡሩ ሄደ። ዳግም አላየኋትም።

ያን ናና ይዤው ኖሬአለሁ፤ ስንት ቤት ስቀይር አብሮኝ ተቀይሯል። ተራ የሻይ ናና ነው፤ ቢያብብም የሚያጣው ነገር የለም። እኔ ግን ጫፉ ላይ አበባ ጉብ ሲል እቆነጥረዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን የምታጠበውም እሱ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው።