የማጣሪያው እሁድ

ልጅ ሆኜ የአፍሪካ ዋንጫ የሚካሄደው እኛ ቤት ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ዛሬ ማጣሪያ አለ» ሲል ዋንጫው ራሱ ማጣሪያው ነው ብዬ አምን ነበር፤ ምክንያቱም ማጣሪያው ካለቀ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስለ ኳስ የሚያወራ ሰው አይገኝም። ሌላው አገር ውድድሩን የሚጀምርበት ቀን ለእኛ ሁሉም ነገር ካለቀ ወራት ያለፉበት ቀን መሆኑን የተረዳሁት ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ግራ ቢገባኝ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ውድድሩ መቼ ነው የሚጀመረው?»

«ለእኛ ተጀምሮ አልቋል» አለኝ።

አባቴ ኦሎምፒያ አካባቢ ጎሚስታ ነበረው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያወልቅና ሲለጥፍ ውሎ ካዛንቺስ ወዳለችው ቤታችን ሲመጣ እጁን በኦሞ ታጥቦ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተሩን አውጥቶ የማጣሪያ ውጤት ይጽፋል። የእኛን ብቻ አይደለም፤ የምድቡን ሁሉ። ነፋሱ ሲመች የስታዲየሙ ጩኸት እስከ ደጃችን ይደርሳል፤ እሱም ስታዲየም ያልገባ ቀን በር ላይ ቆሞ ጩኸቱን እየሰማ ጎል ይሁን ጎል የሳተ ኳስ ይለያል። ተሳስቶ አያውቅም።

እኔ ደግሞ «ለምን» ማለት የማይደክመኝ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ጥያቄዋ ያንቃታል» ትላለች። አባቴ ግን ደስ ይለው ነበር። ከጎረቤት ሱቅ የለስላሳ ቆርኪ ለቃቅሞ ጠረጴዛ ላይ እየደረደረ አስረዳኝ። አፍሪካ ውስጥ ከሃምሳ በላይ አገር አለ፤ የዋንጫው ድንኳን የሚይዘው አሥራ ስድስት ነው፤ ስለዚህ በር ላይ መጣራት አለ። ኃይለኞቹ ገና በጊዜ እርስ በርሳቸው እንዳይባሉ ለየብቻ ይቀመጡና ዕጣ ይወጣል። ከዚያ በየምድቡ እያንዳንዱ አገር ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ይጫወታል፣ አንዴ በሜዳው፣ አንዴ ከሜዳው ውጭ።

«ለምን ሁለቴ?»

«ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጀግና ነው። ሰው የሚታወቀው ሰው ቤት ሲሄድ ነው።»

ከሁሉም የደነቀኝ ሕግ ግን የመጨረሻው ነበር። በደርሶ መልስ የሁለቱ ጨዋታ ጎል ተደምሮ እኩል ከሆነ፣ ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፋል። አንዱ ጎል ከሌላው ጎል እንዴት ይበልጣል ብዬ ሞገትኩት። ቆርኪዎቹን ወደ ጎን ገፋቸው። «ጎሚስታዬ ውስጥ ክሪክ አለኝ፣ ኮምፕሬሰር አለኝ፤ ጎማ መቀየር ምንም አይደለም። ዝናብ እየዘነበ፣ አዳማ መንገድ ላይ፣ በእጄ ብቻ የቀየርኩት ጎማ ግን ይለያል» አለኝ። ገባኝ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

እያደግኩ ስሄድ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። የእኛ አገር ሰው ኳስ የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በስሌት ነው። የምድቡ መጨረሻ ሲቃረብ ታክሲ ውስጥ «እኛ ሦስት ለዜሮ ካሸነፍን፣ እነሱ ደግሞ እዚያ አቻ ከወጡ» ይጀመራል፤ ወያላው ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያርማል፤ ከኋላ የተቀመጡት እትዬ ሳይቀሩ «ጎል ልዩነት ግን ረሳችሁ» ይላሉ። አንድ ዓመት ማለፋችን በሁለት ሌሎች አገሮች ጨዋታ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ ካርታ ላይ የት እንዳለ ለማያውቀው አገር ሲጸልይ ዋለ። ተሸነፉ። አባቴ ደብተሩን ከድኖ «ከእንግዲህ እኔና ስሌት ተለያየን» አለ። በዓመቱ ግን ያው ደብተር ወጣ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዋንጫው ውስጥ ሳንገባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሊሞላን ሆነ። አባቴ አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ስታልፍ ጎረምሳ ነበር፤ በ2004 ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። በዚያ ዓመት ማጣሪያው በምድብ ሳይሆን በጥሎ ማለፍ ደርሶ መልስ ነበር። ቤኒን እዚህ ከእኛ ጋር ዜሮ ለዜሮ ተለያይታ ሄደች፤ ሰኔ ላይ እዚያ አንድ ለአንድ አቻ ወጣንና ከሜዳ ውጭ በገባችው በዚያች አንድ ጎል አለፍን። አባቴ እንደ ሕፃን እየቦረቀ ሕጉን እንደገና አስረዳኝ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እንደማላውቅ ሆኜ ሰማሁት።

ጳጉሜን ላይ ግን ካርቱም ላይ በሱዳን አምስት ለሦስት ተሸነፍን። አባቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰው። «በቃ» አለ። ከዚያ በኋላ ኳስ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

የእኔ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሦስት ዓመት አብሬው የቆየሁት ልጅ ደምበል አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። ዘመዶቹ ወሎ ሰፈር የሚነግዱ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ «ከየት እንደሆኑ አላውቅም» ሲል የሚሰማ አንድ ቅዝቃዜ ነበረው። አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። በወጉ መሠረት አልተቀመጡም፤ ቆመው ተናገሩ። ዋናው ሽማግሌ የልጁ አጎት፣ ጫማ ነጋዴ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሰው ነበሩ። እኔ ጓዳ መጋረጃው ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ።

አባቴ በወጉ እሺም እምቢም አላለም። «እንምከርበት። የዛሬ አራት ሳምንት ኑ፤ ጥቅምት አራት፣ አሥር ሰዓት» አለ።

«ከቀኑ?» አለች እናቴ። ሽማግሌ የሚላከው በጠዋት ነው።

«ከቀኑ።»

ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። እኔ ጓዳ ውስጥ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። ጥቅምት አራት እሁድ ነው። የሱዳን የመልስ ጨዋታ፣ እዚሁ ስታዲየም፣ አሥር ሰዓት። አባቴ ከንዴቱ የተነሳ ጨዋታው መኖሩን ረስቷል ማለት ነው አልኩ።

ሽምግልና ላይ ቀጠሮ እንደ ሐኪም ቀጠሮ አይለወጥም። ጠያቂው ካስለወጠ ልጅቷን አቅልሏታል። ተጠያቂው ካስለወጠ ደግሞ በጨዋ ደንብ እምቢ ብሏል። ሁለቱም ወገን ታስሯል። በሁለተኛው ሳምንት ያ ልጅ ደወለልኝ።

«ጉድ ሆነናል በቃ። አጎቴ ቲኬት ሊቆርጥ ነው። ማለቴ፣ ሰውዬው ለዚህ ቀን ነው የኖረው። አባትሽን ቀስ ብለሽ አናግሪያቸው እንጂ።»

«ቀኑን ከቀየረ እኮ እምቢ ማለት ነው።»

«ካልቀየሩና አጎቴ ካልመጣስ?»

አባቴ ሽማግሌ አንዴ ቀጠሮ ካጎደለ ሁለተኛ በሩን እንደማይከፍት አውቃለሁ። የእኔ ትዳር የቆመው አንድ ጫማ ነጋዴ ከሠላሳ አንድ ዓመት ጉጉታቸውና ከእኔ የትኛውን እንደሚመርጡ ላይ ሆነ። እኔ ራሴ ብሆን ማንን እንደምመርጥ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ማታ ራት ላይ አባቴን ሞከርኩት። ቆርኪ አልነበረም፤ በማንኪያና በሹካ ደረደርኩለት። «አባዬ፣ እዚያ አምስት ለሦስት ነው። እዚህ ሁለት ለዜሮ ካሸነፍን አምስት ለአምስት ይሆናል። እኛ ከሜዳችን ውጭ ሦስት አግብተናል፤ እነሱ እዚህ ምንም። እናልፋለን እኮ። ጨዋታው አላለቀም።»

ማንኪያዬን አንስቶ ወደ ሳህኔ መለሰልኝ። «ስሌቱን ለሚችሉት ተይላቸው» አለ። ተናደድኩ። ሰኔ ላይ ይህንኑ ሕግ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተማረኝ ሰው መስከረም ላይ እንዴት ይጠፋበታል? ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፤ ንዴት ግን አያስጠረጥርም።

እሁድ ደረሰ። ሰው ገና ሳይነጋ ወደ ስታዲየም መትመም ጀምሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ ጭር አለች፤ የቀረው ሰው ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ውስጥ ተጠቅጥቋል። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን እንደለበሰ ነው። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጦ የግድግዳ ሰዓት ያያል። እናቴ አታናግረውም። እኔ ጓዳ ውስጥ ጥፍሬን እበላለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ሦስቱም መጡ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ የጫማ ነጋዴው ኮት አንገት ሥር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ስካርፕ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ሸፍኜዋለሁ ብለው ነው። ቆሙ። አባቴም አስቆማቸው። ሰላምታው ረዘመ፣ ንግግሩ ረዘመ፣ ከዚያ አባቴ ዘር ይቆጠር አለ። እስከ ሰባት ቤት። ወሎ ሰፈርና ካዛንቺስ በምን እንደሚዛመዱ እግዜር ይወቅ፤ ወግ ግን ወግ ነው። ሽማግሌው የልጁን አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ከስታዲየሙ በኩል ትልቅ የቁጭት ድምፅ መጣ። ሰውዬው ቆጠራው ጠፋባቸውና ከአንደኛው ቤት ጀመሩ። አባቴ በትዕግሥት ሰማ። እኔ በአፌ ላይ ነጠላዬን ጭኜ ሳቄንና እንባዬን አንድ ላይ ያዝኩ።

ከዚያ ጩኸቱ ረገበ። እረፍት መውጣታቸው ገባኝ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዛሬ እዚህ ባይመጡ የት ይውሉ ነበር?»

የሽማግሌው እጅ ወደ ስካርፑ ሄደ። «ልዋሽዎት አልችልም። ስታዲየም እውል ነበር። ቲኬቴን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ነው የመጣሁት።»

«ቆጨዎት?»

«ሆዴን አቃጥሎኛል። ግን እኛ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣን፤ ሰው ቤት ለልጅ የመጣ ሰው ሌላ ቀጠሮ የለውም።»

አባቴ ብድግ አለ። «ተቀመጡ» አላቸው።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ እጄን ጨመቀችው። ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ጉዳዩ አልቋል። እሱ ግን ምንም ሳይጨምር ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ ዳንቴሉን አነሳና ከፈተው። «ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነው» አለ።

የቀረውን አገር ያውቀዋል። ዜሮ ለዜሮ የነበረው አንድ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሆነ። የመጀመሪያው ሲገባ ጓዳ ነበርኩ፤ ሁለተኛው ሲገባ ሳላስበው ሳሎን መሃል ቆሜ እጮሃለሁ። የተጠየቀች ልጅ ሳትጠራ ከጓዳ አትወጣም፤ ማንም ግን ልብ አላለኝም። ጩኸቱ ሁለቴ ይመጣ ነበር፤ አንዴ ከቴሌቪዥኑ፣ አንዴ በመስኮቱ። ጫማ ነጋዴው የአባቴን አንገት አንቀው እያለቀሱ ነበር። ሁሉም አብደው ካበቁ በኋላ እናቴ ናት የጠየቀችው።

«የልጅቷ ነገርስ?»

«ተቀመጡ አልኩ እኮ» አለ አባቴ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ።

በሳምንቱ ውጤቱን በደብተሩ ላይ እኔ ልጻፍለት አልኩ። እሱ ጎሚስታው ውስጥ ስለነበር ራሴ ከፈትኩት። በጳጉሜኑ ሽንፈት ሥር በእጅ ጽሑፉ «ሁለት ለዜሮ ይበቃል። ጥቅምት 4፣ አሥር ሰዓት» ይላል። ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ «ሽማግሌዎች፦ ጥቅምት 4፣ አሥር ሰዓት»። ገጾቹ መሃል አንድ የዚያ ቀን የስታዲየም ቲኬት አለ። ጠርዙ አልተቀደደም።

ደብተሩን ይዤ ኦሎምፒያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ቲኬቱን አሳየሁት።

«ረስተኸው መስሎኝ ነበር» አልኩት።

«በቀላል ቀንማ ማን አይመጣም?» አለ ቀና ሳይል።

«ባይመጡስ ኖሮ?»

የጎማውን ካላማዳሪ ከባልዲው ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ፈለገ። «አሥር ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ስንት ጊዜ ሰዓቱን እንዳየሁ እናትሽን ጠይቂያት» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቃትን ቀን በኪሱ ይዞ፣ የስታዲየሙ ጩኸት በሚሰማበት ርቀት ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቁጭ ብሎ ስለ እኔ በሩ እስኪንኳኳ ሲጠብቅ እንደነበር ገባኝ። የተደራረቡ ጎማዎች ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቲኬቱን ወሰደና ደብተሩ ውስጥ መለሰው። «ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ። «አልፈናል እኮ።»