እናቴ የፈታችው ጥድ

እናቴ ለዑምራ ከወሎ መጥታ ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ያለው ቤቴ ስታርፍ፣ በረንዳዬ ላይ ያለውን ጥድ አይታ «ይሄ ዛፍ መቼ ነው የሚያድገው?» አለችኝ። ቦንሳይ እንደሚባል፣ ዕድሜው ነርስ ሆኜ ከሠራሁበት ዘመን እንደሚበልጥ፣ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ሥሩም ቅርንጫፉም እየተከረከመ እንደሚያድግ ነገርኳት። «ውይ በሞትኩት!» አለች። ቅርንጫፎቹ ላይ የተጠመጠመውን የመዳብ ሽቦ ስታይማ ጭራሽ ፊቷ ጠቆረ። ሽቦው ቅርንጫፉ ጎንበስ ማለት እንዲለምድ ነው፤ ሲለምድ ይነሳል። ለዚህ ዛፍ የታገስኩትን ያህል ለማንም ሰው ታግሼ አላውቅም፤ ለባልማ አይነሳ።

ባልን ካነሳሁ አይቀር፣ ስምንተኛ ክፍል ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት አስወጥታ የዳረችኝ እሷ ናት። ጠፍቼ ወጣሁ፣ ተማርኩ፣ እዚህ ደረስኩ። ስለዚያ ነገር ግን ሁለታችንም አንድም ቀን ትንፍሽ ብለን አናውቅም።

በእኛ አገር ወደ መካ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ «አፉ በሉኝ» ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚነሳው። እናቴም ሶፋው ላይ ተመቻችታ በስልኬ ወሎን አዳረሰችው። ድንበር የገፋችባትን ጎረቤት፣ ያማቻትን ምራቷን፣ የዶሮዋን እግር በድንጋይ የሰበረችባትን ሴትዮ ሳይቀር አፉ አስባለች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የታጠበ ሳህን እንደገና አጥባለሁ። ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ስልኩን ዘጋች፤ ሶላቷን ሰግዳ ተኛች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ አገኘኋት። ሽቦው በሙሉ ወልቋል። ሽቦ በመቆንጠጫ እየተቆረጠ ነው የሚነሳው፤ እሷ ግን እንደ ክር ተርትራዋለች። ዋናው ቅርንጫፍ ከግንዱ ተገንጥሎ ጭኗ ላይ ነው። ክው አልኩ።

«ልፈታው ብዬ ተሰበረብኝ ልጄ» አለች። «የታሰረ ነገር ቤት ትቼ እንዴት አላህ ቤት ልግባ? እሱንም አፉ በለኝ ብዬዋለሁ።»

«ዛፉን?»

«ኧረ እሱስ ቢሆን ነፍስ የለውም?»

ቅርንጫፉ ከሐሳቤ ጠፋ። ለዛፍ የደረሰው ይቅርታ ለእኔ አለመድረሱ ነው ያደነዘዘኝ። ተናድጄም ደንግጬም ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ጁምዓ ዕለት በመኪናዬ ወደ መካ ወሰድኳት። እሷ ኒያዋን አድርጋ፣ ለዑምራው በልቧ ቆርጣ፣ «ለበይከ» የሚለውን የጉዞ ጸሎት እያለች ነው፤ እኔ እነዳለሁ። መንገድ ላይ ያለችውን የባሕራን ከተማ ስናልፍ አላስችል አለኝ።

«እማ፣ እኔንስ? እኔን አፉ በይኝ አትይም?»

ለበይኳ ተቋረጠ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ደነገጠች።

«አንቺን? አንቺን ምን አድርጌሽ?»

«ከትምህርት ቤት አውጥተሽ ለዚያ ሰውዬ የሰጠሽኝ ጊዜ። እያለቀስኩ።»

«ወላሂ ልጄ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ደግ የዋልኩልሽ ነበር የሚመስለኝ።»

በዚህ ዕድሜዬ ይሄ መልስ ሊኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ታውቃለች፣ አፍራ ነው ዝም ያለችው ስል ነው የኖርኩት። አታውቅም ነበር!

«አቁሚው» አለችኝ። «መኪናውን አቁሚው። አፉ ሳትይኝ አልገባም።»

ጥግ ይዤ አቆምኩ። ሁለት እጆቿን ዘርግታ እያለቀሰች «አፉ በይኝ» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ይሄንን ነበር። ፊቷን አየሁት፤ ይቅር ልል የተዘጋጀሁት አውቃ የበደለችኝን እናት ነበር፤ ደግ የዋለች የመሰላትን ይህችኛዋን ግን አፉ ልላት አልቻልኩም።